ተራዬን ስጡኝ ያለችው ታደለች

ታደለች ማረፏን በስልክ የነገረኝ ሰው በዚያው ትንፋሽ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ነፍሷን ይማር፣ እሷማ እንደነሱ አልነበረችም» አይለኝም! ቦንጋ ጤና ጣቢያ አብረን የሠራን የካርድ ክፍል ሠራተኛ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፣ ማጽናናቱ ነበር። እኔ ግን እዚህ ጅማ፣ ተረኛ ሆኜ በገባሁበት ክፍል በር ላይ ቆሜ ጮህኩበት። «እንደነሱ ነበረች! በደንብ አድርጋ እንደነሱ ነበረች!» ብዬ ስልኩን ዘጋሁበት። ማልቀስ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ለማያውቅ ሰው ልንገር። ታደለች ማንጆ ናት። ማንጆዎች ካፋ ውስጥ ከሌላው ሕዝብ ጋር አንድ ቋንቋ እየተናገሩ፣ አንድ ጫካ ውስጥ እየኖሩ፣ ለብቻቸው እንዲበሉና ለብቻቸው እንዲቀመጡ የተደረጉ ሰዎች ናቸው። ድሮ አዳኞች ነበሩ፣ አሁን ከሰል ያከስላሉ፣ እንጨት ይሸጣሉ፣ ማር ይቆርጣሉ። «የማይበላ ይበላሉ» ተብሎ ይወራባቸዋል። መንገድ ላይ ሰው ሲያዩ ዳር ይዘው ያሳልፋሉ። ቤት አይገቡም፤ ምግብ ቢሰጣቸው እንኳ ደጅ ላይ፣ በኮባ ቅጠል ነው። ይህ ሁሉ የጥንት ታሪክ እንዳይመስላችሁ፣ ሞባይል ይዘን ስለምንዞርበት ዘመን ነው የማወራው። ልጆቹ ዛሬ ተምረዋል፣ ሕጉም እኩል ናችሁ ይላል። ሰዉ ግን ሕጉን ሰምቶ ሳህኑን ይደብቃል።

ታደለች የጤና ጣቢያችን የላብራቶሪ ባለሙያ ነበረች። አጭር፣ ደንዳና፣ ድምፅዋ ከግቢው በር የሚሰማ ሴት። ጋውኗን እስከ ክርኗ ሰብስባ፣ በሽተኛውን በሙሉ ስሙ ከነአባቱ እየጠራች፣ «ና፣ አትፍራ፣ መርፌው ነው እንጂ እኔ አልናከስም» ትላለች። «ማንጆ» የሚለውን ቃል ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲናገር ከሰማች አለቀለት። ጆሮዋን በእጇ ይዛ ጠጋ ትልና «ከፍ አድርጊው እህቴ፣ አልሰማሁም» ትላለች። ያንሾካሾከችው ሴትዮ እንግዲህ መግቢያ ቀዳዳ ትፈልግ።

እኔ ቦንጋ የገባሁት ገና እንደተመረቅኩ፣ ከጎጃም ነርስ ሆኜ ተመድቤ ነው። አባቴ ቀጥቃጭ ነው። የቀጥቃጭ ልጅ ባገሬ ምን እንደምትባል የሚያውቅ ያውቃል፦ ቡዳ። ሰው በዓይኗ ትበላለች ይባላል። እናቴ ታዲያ ገና በልጅነቴ ሰው ሲበላ ፊቴን እንዳዞር አስተምራኛለች፤ የጎረቤት ልጅ ሆዱን ቢቆርጠው በኔ እንዳይላከክ። ቦንጋ ይህን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ፊቴ ግን ሳላዘው ይዞራል። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ታደለች ላብራቶሪዋ ደጃፍ ላይ ሳንቡሳ ይዛ ቁጭ ብላ ጠራችኝ።

«ሲስተር፣ ነይ እስቲ። ሰው ሲበላ ለምንድን ነው ግድግዳ የምታዪው?»

«እንዲሁ ነው።»

«እንዲሁማ አይደለም። እኔም ድሮ ሰው ፊት ስበላ ጀርባዬን እሰጥ ነበር። አንቺን ማን አስተማረሽ?»

ነገርኳት። ሳቋን ለቀቀችው፣ ሳቋ ደግሞ ተላላፊ ነው። ሳንቡሳዋን ለሁለት ገምሳ ግማሹን ለኔ ሰጠችና የራሷን ድርሻ እዚያው ዓይኔ ሥር እያኘከች «በይ ብይኝ! እስቲ በዓይንሽ ብይኝ!» አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲያ አልተለያየንም። ቤት የተከራየሁትም እሷ ሰፈር ነው።

ስለ ሰው መናቅ ስታወራ እንደ ሰባኪ አታወራም፤ እንደ ሙያዋ ነው የምታወራው። ወባ ያለበት ደም ስታገኝ «እነሆ!» ትልና «በካፋ ምድር ከኛ ጋር ማዕድ ሳትመርጥ የኖረችው ይቺ ትንኝ ብቻ ናት» ትላለች። በሽተኛው ትኩሳቱን ረስቶ ይስቃል።

የሐኪማችንን ነገር ልንገራችሁ። ለአጭር ሥልጠና ውጭ አገር ሄዶ ሲመለስ ሁላችን ሻይ ክፍል ተሰብስበን ወሬ እንጠይቀዋለን። «አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶ ነው፤ ሰዉ ግን ይቆማል እንጂ አይቀመጥም» አለን። ሆሆ! ክፍሉ በአንድ እግሩ ቆመ። «እነዚህ ነጮች ምን ይሻላቸዋል!» የማይል አልነበረም። ከሁሉ በላይ የተቆጣው የመድኃኒት ክፍሉ ባለሙያ ነው። ይህ ሰውዬ ታደለች በነካችው ብርጭቆ ላለመጠጣት የራሱን ብርጭቆ መሳቢያው ውስጥ ቆልፎ የሚያስቀምጥ ሰው ነው። «ሰው እንዴት በቆዳው ይገለላል?» እያለ ጠረጴዛ ይደበድባል፣ ድንቄም!

ታደለች ብርጭቆዋን አስቀመጠችና «ዶክተር፣ እጅህን የት አደረግከው?» አለችው።

«ምን?»

«ሰዉ ሲሸሽህ። እጅህን የት አደረግከው?»

«ኪሴ ከተትኩት» አለ። «ከዚያ ሌባ እንዳልመስል ብዬ አወጣሁት። ከዚያ በኋላ ማድረጊያ አጣሁለት።»

«አዎ» አለችው፣ ድምፅዋን ለስለስ አድርጋ። «መጀመሪያ መግቢያ የሚያጣው እጅ ነው። እንኳን ደህና መጣህ ዶክተር። ወደኛ ማለቴ ነው።»

የመድኃኒት ክፍሉ ሰውዬ ግን አላስችለው አለ። «ይሄ እኮ ሌላ ነው ታደለች፣ ያ ዘረኝነት ነው። የኛ ባህል ነው» አላት።

«እሺ፣ ባህል ነው» አለች። «በል ብርጭቆህን ከመሳቢያህ አውጣና በባህላችን እንጠጣ።»

አንጀቴን ነው ያራሰችው። ሰውዬው ያን ቀን ሻይ ሳይጠጣ ወጣ፤ ከዚያ በኋላም መሳቢያውን ሲከፍት ሁላችንም እያየን እንስቅበት ጀመር።

የራሷንም ሰው ቢሆን አትምርም። አንድ ጊዜ ከቆላው ጠረፍ የመጣ በጣም ጥቁር ሰው ካርድ ለማውጣት ተሰልፎ፣ የሰውዬውን አማርኛ እየቀዱ የሚሳለቁ ነበሩ። ከሰል ሊሸጥ መጥቶ እሷን የሚጠብቅ የአጎቷ ልጅም አብሮ ይስቃል። ታደለች ሌሎቹን ትታ እሱን ነው በቁጣ የያዘችው። «አንተም ከሥርህ የምታስቀምጠው ሰው አገኘህና ደስ አለህ?» አለችው። የአጎቷ ልጅ የሚገባበት ጠፋው። ኋላ ላይ «ለምን እሱን ብቻ?» ብላት «ሌሎቹ አያውቁትም፣ እሱ ያውቀዋል» አለችኝ። እኔም በሆዴ የቀጥቃጭ ሰፈራችንን ቀልዶች አስታወስኩ። እኛም የምንስቅበት ነበረን።

ያደገችው በዋጫ በኩል፣ ገጠር ነው። አንድ ቀን ማሽኗ የደም ናሙና እያሽከረከረ ስንጠብቅ የትምህርት ቤቷን ወሬ ነገረችኝ። ተማሪዎች የክፍላቸውን የመጠጥ ውሃ በየተራ ከምንጭ በጀሪካን ያመጣሉ። የሷ ስም ሲደርስ ይዘለላል። ዳገቱ ከባድ ስለሆነ ልጆቹ ይቀኑባታል። እናቷም «አረፍሽ እኮ፣ ዝም በይ» አለቻት። አንድ ቀን ሳትጠየቅ ጀሪካኑን አንስታ ሄዳ ሞልታ መጣች። ልጆቹ ውሃውን ደፉት። አባቷ ነገር ይመጣብናል ብሎ ፈርቶ ገረፋት። በሳምንቱ እንደገና አመጣች፣ እንደገና ደፉት።

«ኋላስ?» አልኳት።

«ኋላማ በጋ ገባ፤ ቅርቡ ምንጭ ደረቀ። ወደ ሩቁ ምንጭ ከኔ በቀር የሚሄድ ጠፋ። ጠጡታ!» ብላ ሳቀች። ከዚያ ግን ሳቋን ገታ አድርጋ «አየሽ፣ ስድቡን እችለዋለሁ። ሥራ ሲቀንሱልኝ ነው የማልችለው። ተራ የሌለው ሰው እዚያ ቤት የለም ማለት ነው» አለችኝ።

እንግዲህ ወደ እድሩ ነገር ልምጣ፤ እኔና ቦንጋ ታደለችን የምናስታውሳት በእሱ ነው። የሰፈራችን እድር የመንግሥት ሠራተኛ ናት ብሎ ያለ ብዙ ጭቅጭቅ በአባልነት መዝግቧታል። መዋጮዋን ይቀበላል፣ ለቅሶ ስትመጣ ወንበር ይለቅላታል። ሰው ሲሞት ግን ሴቶቹ በየተራ ሐዘን ቤት ገብተው ያበስላሉ። የታደለች ተራ ሲደርስ የእድሩን ድስትና ሳህን የምትጠብቀው እትዬ አስናቀች በር ድረስ መጥታ «አንቺ የመንግሥት ሥራ አለብሽ የኔ ልጅ፣ እረፊ፣ እኛ እንሸፍንልሻለን» ትላታለች። እኔስ የመንግሥት ሥራ የለብኝም? እኔን እረፊ ያለኝ የለም። ሽንኩርት ስልጥ ነው ዓይኔ የጠፋው!

ታደለች ይህን ደጋግማ ታገሠችና አንድ እሁድ በእድሩ ስብሰባ ላይ ብድግ አለች። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ገብሬ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ረጋ ያሉ፣ ነገር ማለሳለስ የሚወዱ ሰው።

«ታደለች ልጄ፣ ማን ነክቶሽ?» አሏት። «አባላችን ነሽ። ብትታመሚ እንጠይቅሻለን፣ ብትሞቺ እንቀብርሻለን።»

«ጋሽ ገብሬ፣ እኔ እድር የገባሁት ለመሞት አይደለም። ተራዬን ስጡኝ።»

ጉምጉምታው ተነሳ። እትዬ አስናቀች ነጠላዋን እያስተካከለች «እኔ አንቺን አልጸየፍም፣ ልጄ ይሙት! ሰዉ ነው እንጂ» አለች። ከኋላም አንዱ «እውነቷን ነው፣ እኛ ምንም የለብን፣ ሰዉ ነው» አለ።

«ሰዉ፣ ሰዉ ትላላችሁ» አለች ታደለች፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። «ይሄ ሰዉ የሚባለው ማን ነው? እስቲ ይነሳና ልየው።»

የተነሳ የለም። ከዚያ ያን እስከ ዛሬ ቦንጋ ውስጥ የሚወራውን ንግግሯን ተናገረች።

«እሺ፣ እኔ ልጠይቃችሁ። እዚህ ከተቀመጣችሁት ውስጥ ሰገራችሁን ያልመረመርኩላችሁ ማነው? በየዕቃው አምጥታችሁ እጄ ላይ አላስቀመጣችሁም? አንድ ቀን አፍንጫዬን ይዤ አይታችሁኛል? ያን ሁሉ እኔ ሳልጸየፍ፣ እናንተ የኔን ሽንኩርት ትጸየፋላችሁ?»

ወይ ጉድ! ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ ነበር። ጋሽ ገብሬ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ሴቶቹ እርስ በርስ እየተጎነታተሉ ያለቅሳሉ። በሳቁ መሃል «ይሁንላት እንጂ!» የሚል ተሰማ፣ ሌላውም «ይሁንላት» አለ፣ ተወሰነ። እትዬ አስናቀች ብቻ አልሳቀችም።

መወሰን ቀላል ነው። የጋሽ ገብሬ እናት ሲያርፉ የማብሰሉ ተራ የታደለች፣ የኔና የሁለት ሴቶች ሆነ። አንዷ ልጄ ታሞብኛል ብላ ላከች፣ ሌላዋ ጭራሽ ስልኳን ዘጋች። ሁለታችን ድስት ልንቀበል ዕቃ ቤት ሄድን። እትዬ አስናቀች ድስቱን አውጥታ ለእጃችን ሳትሰጥ መሬት ላይ አስቀመጠችው። ታደለች አላነሳችውም። እጇን እንደዘረጋች ቆመች።

«እትዬ፣ እጄ እዚህ ነው» አለቻት።

ተፋጠጡ። በመጨረሻ እትዬ አስናቀች ጎንበስ ብላ ድስቱን አንስታ፣ በጆሮው ጫፍ ጫፉን ይዛ አቀበለቻት። ፊቷ ቲማቲም መስሏል።

ቀኑን ሙሉ ስናበስል ዋልን። የምስር ወጥ፣ ጎመን፣ አልጫ። ወጡ ድንኳን ገባ፣ ሳህን ተዘረጋ፤ የነካው ግን የለም። ሰዉ ሁሉ ድንገት በሽተኛ ሆነ። አንዱ ጨጓራ፣ አንዱ ጾም፣ አንዱ ቤቴ በልቼ ነው የመጣሁት። ንፍሮውን ብቻ ይቆረጥማሉ፣ ንፍሮውን የቀቀሉት ሌሎች ናቸውና። ጋሽ ገብሬ ከቀብር መልስ እህል አልቀመሱም። ታደለች እጇን ታጥባ፣ እንጀራ በወጥ ጠቅልላ ሄዳ ፊታቸው ተንበረከከች። ሐዘንተኛን እህል ቅመስ ማለት ወጉ ነው፣ ማንም አይቀየምበትም።

«ጋሽ ገብሬ፣ እህል ይቅመሱ።»

«አልችልም ልጄ። አይወርድልኝም።»

እጇን አላወረደችም። ድንኳኑ በሙሉ ዞሮ ያያታል። «ሐዘን ከሆነ እጠብቃለሁ» አለቻቸው። «ሌላ ከሆነ ግን ይንገሩኝ።»

የጋሽ ገብሬ እንባ ወረደ። የእናታቸው ይሁን የሌላ እኔ አላውቅም። ታደለች ጉርሻውን በራሷ አፍ ከተተችው፣ ሁሉ እያያት አላምጣ ዋጠችውና «ጨው አላነሰውም» ብላ ተነሳች። ማዕድ ቤት ተከትያት ገባሁ። ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ስታለቅስ ያየኋት። እኔም አብሬ አለቀስኩ፣ በንዴት። «እንሂድ፣ ድስታቸውን ይብሉት!» አልኳት። ፊቷን በክንዷ ጠርጋ «የት ነው የምሄደው? ነገም ተራዬ ነው» አለችኝ።

በማግስቱ ደካ ከሚባል ሩቅ ገጠር የጋሽ ገብሬ ዘመዶች መጡ። ዝናቡ መንገዱን አበላሽቶት፣ መኪናቸውን ሲገፉ አድረው፣ ጭቃ በጭቃ ሆነው ደረሱ። ራብ አጣድፏቸዋል። ቀረበላቸውና እንደ ጉድ በሉ። ጨምሩ አሉ፣ ተጨመረ። የሰፈሩ ሰው ንፍሮ እየቆረጠመ በሰረቅታ ያያቸዋል፣ ምራቁን ይውጣል። ከእንግዶቹ አንዱ፣ ትልቅ ሰውዬ፣ እጃቸውን እየላሱ «ይቺን ምስር የሠራችው ማን ናት? እጇ ይባረክ!» አሉ።

ሁሉም ወደ ጋሽ ገብሬ ዞረ። እሳቸው ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉና «ታደለች ትባላለች» አሉ። «የዋጫ ማንጆ ናት። የእድራችን ሰው ናት።»

የእንግዳው እጅ ጉርሻ እንደያዘ መንገድ ላይ ቀረ። አፋቸው ተከፍቶ፣ አይዘጉት አይጎርሱት። ጋሽ ገብሬ ይህን ሲያዩ ተነስተው አጠገባቸው ተቀመጡ፣ የሰውዬውን ሳህን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው ቆርሰው ጎረሱ። ደግመው ጎረሱ። ድንኳኑ ውስጥ አንዳንዱ ወጥ ማስጨለፍ ጀመረ። ሮጬ ማዕድ ቤት ሄጄ ስነግራት ታደለች ድስቱን እያማሰለች «ሌሎቹ አይቸኩሉ። ጋሽ ገብሬ እስከ ነገ ካልሞቱ እነሱም ይበላሉ» አለች።

ይህን ሰምታችሁ ሁሉም አበቃ እንዳትሉ። አንዳንድ ቤተሰቦች ከእድሩ ወጡ። ገና ሳህናቸውን ከቤት ይዘው የሚመጡ ነበሩ። ቢሆንም ታደለች ተራዋ በደረሰ ቁጥር አበሰለች፣ ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ የሷ ምስር የሰፈሩ ወሬ ሆነ። ያን ጊዜ ደግሞ ያ ሐረግ መጣ። «አንቺማ እንደነሱ አይደለሽም።» «አንቺ እኮ ልዩ ነሽ።» ሊያሞግሷት ነው። እሷ ከስድቡ ይልቅ ይህን ነው የጠላችው። እህቷ ዓለሚቱ ከገጠር ማር ይዛላት ስትመጣ፣ ያው የታደለችን ወጥ የሚበሉት ጎረቤቶች ዓለሚቱን አይጨብጧትም፣ ከሩቅ ነው የሚያናግሯት።

«ድሮ ሁላችንንም ከደጅ ይመልሱን ነበር» አለችኝ አንድ ቀን። «አሁን እኔን አስገቡና በሩን ዘጉት። እኔ ውስጥ ሆኜ ምን ልሠራ ነው?»

እኔ ከዚያ ወደ ጅማ ተዛወርኩ። በስልክ እንገናኛለን። መታመሟን አልነገረችኝም፣ እሷ መቼ ስለ ራሷ ሕመም አውርታ ታውቃለች። ያ ስልክ እንደተደወለ ፈቃድ ጠይቄ ለቀብሯ ደረስኩ። ምን ልበላችሁ፣ ቦንጋ እንዲህ ያለ ቀብር አይታ አታውቅም። የመረመረቻቸው ሁሉ መጥተዋል። የመድኃኒት ክፍሉ ሰውዬ እንኳ ሳይቀር ያነባል። እትዬ አስናቀች ደረቷን እየመታች አልቅሳ ድምፅዋ ዘግቷል፤ እውነተኛ ልቅሶ ነው፣ አልዋሽም።

ከቀብር ተመልሰን ድንኳን ውስጥ እንደተቀመጥን፣ መንገድ አዘግይቷቸው ቀብሩ ያመለጣቸው ዘመዶቿ ከገጠር ደረሱ። ዓለሚቱ ከፊት፣ ከኋላዋ የመንደሯ ሴቶችና ሽማግሌዎች። ሴቶቹ በኮባ ተጠቅልሎ የታሰረ ቆጮ በራሳቸው ተሸክመዋል። ጣቶቻቸው ከሰል የጠገቡ ናቸው። የግቢው በር ላይ ሲደርሱ ሁሉም ቆሙ። ማንም ቁሙ አላላቸውም፣ ከሕፃንነታቸው የተማሩት ነው።

እትዬ አስናቀች ወጣች። በተዘጋ ድምፅዋ፣ በርኅራኄ፣ «እግዜር ያጽናችሁ። እዚያ ከዛፉ ሥር አኑሩት፤ እናንተም እዚያው አረፍ በሉ፣ የሚበላ እናመጣላችኋለን» አለቻቸው።

ደሜ ፈላ። ታደለችን የቀበርንበት አፈር ገና ከጫማችን አልረገፈም! ብድግ አልኩ፣ አፌንም ከፈትኩ፤ ዓለሚቱ ግን ቀደመችኝ። ከዛፉ ጋ አልሄደችም። ሸክሟን በራሷ እንደያዘች በእትዬ አስናቀች አጠገብ አልፋ ቀጥ ብላ ድንኳን ገባች። የእድሩ ሳህኖች የተደረደሩበት ጠረጴዛ ላይ ሸክሟን አወረደች፣ ገመዱን ፈታች፣ ኮባውን ገለጠች። ከዚያ በካፍኛ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ተናገረች። ያን ያህል ካፍኛ እኔም እሰማለሁ።

«እህቴ ተራዋን ጨርሳ ሄዳለች። ዛሬ ተራው የኛ ነው።»

ይህች እንግዲህ ጋውን የለበሰች የመንግሥት ሠራተኛ አይደለችም፤ ልዩ ነሽ የማይሏት፣ ከሰል ከጥፍሯ ያልለቀቀ የገጠር ሴት ናት። ዓለሚቱ ቆጮውን በከሰል ጣቷ እየቆረሰች ሳህን ላይ ማድረግ ጀመረች። የመንደሯ ሰዎችም አንድ በአንድ ገቡ፤ ገብተውም አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

ጋሽ ገብሬ አርጅተዋል፣ በከዘራ ነው የሚነሱት። ተነስተው ሳህናቸውን ዘረጉላት። ሐኪሙ ተከተለ፣ እኔ ተከተልኩ፣ ከዚያ ብዙ ሰው ተከተለ። እትዬ አስናቀች ሳህን ተቀበለች፣ አልበላችም፣ ጭኗ ላይ አድርጋ እያየችው ቀረች። ከአግዳሚው ጥቂት የማይባሉ ሰዎች ደግሞ ነጠላቸውንና ኮታቸውን እያስተካከሉ ተነስተው ወጡ። የመድኃኒት ክፍሉ ሰውዬም ከነሱ ጋር ነው። ወጥተው ቤታቸው እንዳይሄዱ ለቅሶ ነውና ያፍራሉ። ከዛፉ ሥር ተሰብስበው ቆሙ፣ ወዲያው ዝናብ መጣባቸው።

ዓለሚቱ ሳህን እያደለች ወደ ውጭ አየቻቸው። ወደኔ ዞረችና በተሰባበረ አማርኛዋ «ግቡ በያቸው፣ ቦታ አለ» አለችኝ።

አልጠራኋቸውም። ትንሽ ይዝነብባቸው ብዬ ቆጮዬን መብላት ቀጠልኩ።